ዶሮዎቻችሁ እንዳይታመሙ፥ ልጆቻችሁም ከዶሮ ኩስ እንዲጠበቁ



በባላገር ቤት ዶሮ የእናት ቦርሳ ናት። በሬው ወይም ፈረሱ ሲሸጥ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው አባወራው ነው፤ እንቁላሉንና ቄቡን ይዛ ገበያ የምትወጣው ግን እናት ናት። የልጅ ደብተር፥ ጨው፥ ሳሙና፥ ለታመመ ሕፃን የመታከሚያ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይወጣል። ስለዚህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ የአንድ ቤት ቆጥ በአንድ ሳምንት ባዶ ሲቀር፥ የጠፉት ዶሮዎች ብቻ አይደሉም፤ የእናቲቱም አቅም አብሮ ጠፍቷል።

በሌላ በኩል ደግሞ ያችው ዶሮ በንጽሕና ካልተያዘች በኩሷ አማካይነት ሕፃናትን ታሳምማለች። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም ዶሮዋ ከበሽታ እንዴት እንደምትጠበቅና ልጁም ከዶሮዋ ኩስ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ሁለቱም በአንድ መጥረጊያ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

1ኛ፤ ፈንግል

ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ፈንግልን ያውቀዋል፤ ይፈራዋልም። መነሻው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ እጅግ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። በሳይንስ ቋንቋ የኒውካስል በሽታ ይባላል። ይህን ስም ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በምትባል ከተማ አጠገብ ስለ ታወቀ ነው። እንግዲህ ፈንግል የጎረቤት ዓይን ወይም እርግማን አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የሚገኝ ተላላፊ በሽታ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ ትኰራመታለች፥ ጥሬ አትለቅምም፥ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፥ አረንጓዴ ቀጭን ኩስ ትጥላለች፥ እንቁላል ታቆማለች። አንዳንዷ አንገቷ ይጠመዘዛል፥ ክንፏና እግሯም ይዝላል። ክትባት ባልደረሰበት ቤት ከገባ ከአሥሩ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን፥ አንዳንድ ጊዜም ሁሉንም ይፈጃል።

በሽታው የሚተላለፈው ከታመመች ዶሮ በሚወጣ ኩስ፥ ምራቅና ንፍጥ ነው። ይህም በሰው እግር፥ በቅርጫት፥ በቢላዋ፥ ላባና አንጀት በሚጎትት ውሻ ሳይቀር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ደግሞ፥ በሽታው ዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን፥ አንዳንዴም እስከ 15 ቀን ይቈያል። ስለዚህ በገበያ ደኅና መስላ የታየች ዶሮ ቤት ከገባች በኋላ ልትወድቅ ትችላለች።

እስቲ ይህን እናስብ። የእንቁጣጣሽ ሰሞን አንዲት እናት ገበያ ወጥታ አንዲት ቀይ ቄብ በርካሽ አገኘች እንበል። ሻጩ ለምን ዋጋ እንደ ቀነሰ አልነገራትም፤ ቤቱ ሁለት ዶሮ እንደ ሞተበት የሚያውቀው እሱ ነው። እሷም ደስ ብሏት ቄቧን ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አሳደረቻት። በሳምንቱ ቄቧ ሞተች፤ በ10ኛው ቀን እንቁላል ጣዮቹ፥ በ15ኛው ቀን አውራው ተከተሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ፈንግል በተለይ የሚበረታው ዶሮ ከየቦታው በገበያ በሚሰበሰብበት በበዓል ሰሞንና ዝናብ በሚገባበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁሉ ለ2 ሳምንት ለብቻዋ በቅርጫት ወይም በሌላ ቤት ትቈይ። የምትበላበትና የምትጠጣበትም ዕቃ ለብቻው ይሁን። ለመሸጥ ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰችውም እንደ እንግዳ ትቈጠር።

2ኛ፤ ፈንግል በገባ ጊዜ ምን ይደረጋል?

በግልጽ ለመናገር፥ ፈንግል ከያዛት በኋላ ዶሮን የሚያድን መድኃኒት የለም። ብዙ ሰው ፌጦ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ሎሚ ወይም አረቄ ያጠጣል፤ አንዳንዱም ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ በውሃ ይበጠብጣል። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ስለዚህ ገንዘቡ ይጠፋል፥ ዶሮዋም አትድንም።

ማድረግ የሚገባው እንደሚከተለው ነው፤

ሀ/ የታመመችውን ወዲያው ለይቶ ደኅናዎቹን ቀድሞ መመገብ፥ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ማየትና እጅን በሳሙና መታጠብ።

ለ/ የሞተችውን ከነላባዋ ቢያንስ በክንድ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል። ወደ ወንዝ፥ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ገደል መጣል ክፉ ነው፤ ውሻው አውጥቶ ለጎረቤት ያደርሰዋልና።

ሐ/ የቀሩትን ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው ብሎ ገበያ አለማውጣት። ይህ ነገር ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ጓዳ ባዶ ሲሆን 5 ዶሮ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በእናንተ ቅርጫት የወጣው በሽታ ነገ በእኅታችሁ ቤት ይገባል፤ ከርሞም በሌላ ሰው ቅርጫት ወደ እናንተ ይመለሳል።

መ/ በበሽታ ያጣጣረችውን ዶሮ አርዶ ለመብላት አለመቸኰል። ፈንግል ራሱ በሰው ላይ ከዓይን መቅላት ያለፈ ጉዳት አያመጣም። ሆኖም ዶሮዋን የያዛት ፈንግል ይሁን ሌላ በሽታ በቤት ውስጥ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ምልክቱ ከፈንግል ጋር የሚመሳሰል የወፍ ጉንፋን የሚባል በሽታ በሌሎች አገሮች ሰው ገድሏል። ስለዚህ ብዙ ዶሮ ባንድ ጊዜ ከሞተ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ላስቲክ በእጃችሁ አጥልቁና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈጥናችሁ ንገሩ።

3ኛ፤ መከላከያው ክትባት ነው

ፈንግልን የሚያቆመው አንድ ነገር ክትባት ነው። ክትባቱም እዚሁ አገራችን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 በተቋቋመውና ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይሠራል። ከሚሠሩት ዐይነቶች አንዱ አይ-ቱ የሚባለው ነው፤ እንደ ሌሎቹ በትንሽ ሙቀት ቶሎ ስለማይበላሽ ለገጠር የተስማማ ነው። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን ከፀሐይ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ መያዝ አለበት።

አሰጣጡ ቀላል ነው። የዶሮዋን ራስ ወደ ጎን አዘንብሎ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይኗ ማንጠብና እስክታርገበግብ መጠበቅ ብቻ ነው። መርፌ የለውም። ጫጩትም፥ ቄብም፥ አውራም አንድ ጠብታ ይበቃቸዋል። ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ ግን በየ4 ወሩ መደገም ይኖርበታል። ለማስታወስ እንዲመች፥ በነሐሴ መግቢያ፥ በታኅሣሥ መግቢያና በሚያዝያ መግቢያ ይደረግ። የነሐሴው ከእንቁጣጣሽ፥ የታኅሣሡ ከገና፥ የሚያዝያው ከክረምቱ ዝናብ በፊት ይደርሳል። ክትባቱ በዶሮዋ ሰውነት እስኪሠራ እስከ 2 ሳምንት ስለሚወስድ፥ በሽታው መንደር ከገባ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም። የታመመችም ዶሮ አትከተብም።

አንዲት ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ የምትበቃ ናት፤ ከተከፈተችም በዚያው ቀን ማለቅ አለባት። ስለዚህ 4 ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ብትጠይቅ ለባለሙያው አይመችም። በዕድርና በማኅበር የምትገናኙ ጎረቤቶች ግን ቀን ቈርጣችሁ፥ የዶሮዎቻችሁን ቍጥር ደምራችሁ ባንድነት ብትጠይቁ ብልቃጧ አትባክንም። ለቀኑም ዶሮዎቹን ማታውኑ ዝጉባቸው፤ ጠዋት ከተለቀቁ በኋላ ማባረር ለሰውም ለዶሮም ድካም ነው። ሳሶና ቦቫንስ የመሰሉትን የውጭ ዝርያዎች የገዛችሁም፥ ከአሳዳጊው ዘንድ ምን ምን ክትባት እንደ ተሰጣቸው ጠይቁ። አንድ ጊዜ ተከትበዋልና ይበቃል አትበሉ።

4ኛ፤ ዶሮን ሰው ከሚተኛበት ቤት ማውጣት

ሌባና ሸለምጥማጥ ስለሚያስፈሩ፥ የደጋውም ብርድ ስለሚያይል ብዙ ሰው ዶሮውን ከቤተ ሰቡ ጋር ያሳድራል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ተሐዋስያን አሉበት። እነዚህ ዶሮዋን ላያሳምሙ ይችላሉ፤ ሕፃኑን ግን ተቅማጥ ያስይዙታል። የሚድኸው ልጅ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚያደርግ ከእናት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተቅማጥ የተመላለሰበት ልጅ የበላው አይረባውም፤ ይቀጭጫል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 በኢትዮጵያ ገጠር ቤተ ሰቦች ላይ ተደርጎ የታተመ አንድ ጥናት፥ ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን፥ ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ያሉ ልጆች ግን ወደ ኋላ የቀሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዶሮ ማርባት ልጅን ይጠቅማል፥ ከዶሮ ጋር ማደር ግን ይጎዳል።

ቤቱን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በባንጃና በእንጅባራ ዙሪያ ቀርቀሃ በየጓሮው አለ፤ በዳንግላ በኩል ደግሞ የዲከረንስና የባሕር ዛፍ እንጨት አይጠፋም። ለ10 ያገር ዶሮ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይበል። ቀርቀሃው ተሰንጥቆ፥ በመካከሉ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት እየተተወ ይረብረብ፤ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፥ ዶሮዎቹም በኩስ ላይ አይተኙም። ነፋስ የሚመጣበት ጎን በጭቃ ይመረግ ወይም በሰሌን ይሸፈን። ከጣራው ሥር ግን አየር መውጫ ይቅርለት። ዶሮን የሚያስነጥሳት ብርዱ ብቻ ሳይሆን ታፍኖ ያደረው የኩስ ሽታም ጭምር ነው። በሩ የሚቈለፍ ይሁንና ቤቱ እናንተ ከምትተኙበት ግድግዳ አጠገብ ይቁም፤ ሌባም ሸለምጥማጥም ቢመጣ ጫጫታው ይሰማችኋል።

ከወለሉ ሥር የምድጃ አመድ በትኑ። በየጠዋቱ ጠርጋችሁ ከውሃ ምንጭና ከልጆች መጫወቻ በራቀ ጉድጓድ አጠራቅሙት። በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ለድንችና ለጎመን መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ግን ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ አታድርጉ።

ዛሬውኑ ቤት መሥራት ያልቻለ ሰው፥ ቢያንስ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ጥግ በቀርቀሃ ይከልል፤ ሕፃኑንም በታጠበ ምንጣፍ ላይ ያጫውተው፤ ኩሱንም ልጁ ከመነሣቱ በፊት ይጥረግ።

5ኛ፤ የጫጩቶች ደም ተቅማጥ

እናት ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያልቃሉ። ጭልፊት ከሚወስደው ሌላ ዋናው ገዳይ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ጫጩቷ ትገረጣለች፥ ክንፏን ታንጠለጥላለች፥ ኩሷም ደም የቀላቀለ ይሆናል። ተሐዋሲው የሚበረታው በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ነው፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት በእኛ አገር ለዚህ ነው ጫጩት የማይበረክተው።

መከላከያው ድርቀት ነው። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ይለወጥ፤ መጠጫው ኩስ እንዳይገባበት ከጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ጋር ይስተካከል፤ ጥሬው በመሬት ሳይሆን በገል ወይም በጣሳ ክዳን ይሰጥ፤ ጫጩቶች ከትልልቆቹ ጋር ባንድ ላይ አይታጐሩ። በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለ። በመጠጥ ውሃቸው የሚበጠበጥ ሲሆን፥ መጠኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይንገራችሁ። ቶሎ ከተጀመረ ብዙ ጫጩት ያድናል።

6ኛ፤ የዶሮ ፈንጣጣና የፊት እብጠት

በኩክኒዋ፥ በዓይኗ ዙሪያና በአፏ አጠገብ ኪንታሮት የመሰለ እከክ ከወጣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። የወባ ትንኝን የመሰሉ ደም መጣጮችና ቍስል ያስተላልፉታል። ስሙ ፈንጣጣ ቢሆንም ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህም ቫይረስ ስለሆነ ፈዋሽ የለውም፤ ነገር ግን በአፏ ውስጥ ካልወጣባት አብዛኛዋ ዶሮ ትድናለች። ዓይኗ ከተደፈነ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባችሁ በእጃችሁ አጠጧት፥ አብሏትም። በዙሪያው የቆመ ውሃ ድፈኑ።

ፊቷ አብጦ ከአፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ግን ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ይህኛው በባለሙያ ትእዛዝ በሚሰጥ መድኃኒት ይረዳል። ለዚህ ነው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ማሳየት የሚያስፈልገው።

7ኛ፤ ቅማል፥ ቅንቅንና ቁንጫ

ታቃፊ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ የምትነሣ ከሆነ፥ ማታ ቆጥ ላይ መውጣት ከጠላች፥ ኩክኒዋም ከገረጣ ላባዋን ገልጣችሁ እዩ። ቅንቅን ቀን በቀርቀሃው ስንጥቅ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ደሟን ይመጣል። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ቤቷም መታከም አለበት። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ አቃጥሉ፥ ስንጥቁን በፈላ ውሃ አጥቡ፥ በፀሐይ አድርቁ።

ለዶሮዋ ደግሞ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ደረቅ አፈርና የተነፋ የእንጨት አመድ ቀላቅላችሁ ጉድጓድ ሙሉላት፤ ራሷ እየተንከባለለች ትታጠብበታለች። በዓይኗ ዙሪያ ተጣብቆ የሚቀር ቁንጫ ካለ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በጣታችሁ ቀቡት፤ ታፍኖ ይሞታል።

ለማሳ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ግን በዶሮ ላይ ወይም በጎጆዋ ፈጽሞ አታድርጉ። መርዙ በቆዳዋ ገብቶ ወደ ሥጋዋና ወደ እንቁላሏ ያልፋል፤ ያን እንቁላል የሚበላው ደግሞ የእናንተው ልጅ ነው።

8ኛ፤ ስለ መድኃኒት፥ ስለ እንቁላልና ስለ ማእድ ቤት

ለዶሮ መድኃኒት ስትገዙ፥ መድኃኒቱ እየተሰጠና ካለቀም በኋላ ስንት ቀን እንቁላሏና ሥጋዋ እንደማይበላ ጠይቁ። በየምክንያቱ ፀረ ባክቴሪያ መስጠት ተሐዋስያኑን ያለማምዳል፤ ኋላም ልጁ ሲታመም ያው መድኃኒት አልሠራ ሊል ይችላል።

ዶሮ ያረደ፥ ኩስ የጠረገ ወይም እንቁላል የሰበሰበ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ካልተገኘ አመድም ያገለግላል። ዶሮ የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ ሳይታጠብ ሽንኩርትና ቃሪያ አይከተፍበት። በሎሚና በጨው ደጋግሞ የማጠብ ልማዳችን መልካም ነው፤ ተሐዋስያኑን የሚገድላቸው ግን እሳቱ ነውና ሥጋውም እንቁላሉም በደንብ ይብሰል።

እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ አታውጡት። 6 ወር የሞላው ሕፃን የበሰለ እንቁላል ከገንፎው ጋር ቢያገኝ ሰውነቱም አእምሮውም ይጠነክራል። ልጁን ተቅማጥ ከያዘው ጡት ሳታቋርጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ወደ ጤና ኬላም ውሰዱት፥ እዚያም ዚንክ ይሰጣችኋል። ደም ካለበት ወይም ዓይኑ ከጐደጐደ ለነገ አትበሉ።

ማጠቃለያ

እናቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ቢያንስ አምስቱን ነገር ያዙ። ዶሮን ከመኝታ ቤት ማውጣት፤ በየጠዋቱ ኩስ መጥረግና እጅን መታጠብ፤ አዲስ ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻ ማቈየት፤ የሞተችውን መቅበር፤ በየ4 ወሩ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ ማስከተብ።

ማንበብ የሚችል ልጅ ይህን ወረቀት ለእናቱ ያንብብላት፤ ለአያቱም በአዊኛ ይተርክላት። ጎረቤትም ለጎረቤት ይንገር። አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ በሽታው በአጥሩ ዞሮ ይገባል፤ መንደሩ ሁሉ ከተጠነቀቀ ግን ፈንግል የሚገባበት በር ይጠበዋል፥ ልጆችም በጤና ያድጋሉ።